ምሰሶን መቃኘት
ስለ ባለሸራ ጀልባችን ምሰሶና ሽቦዎች

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በጀልባ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)




ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ባለፉት ዓመታት ስለ ተከናወኑት ሥራዎች ከእኛ በፊት የተናገሩት በሰፊው አስረድተዋል። እኛ የምንናገረው ስለ አንድ ጠበብ ያለ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ልጆቻችን በየበጋው ስለሚሳፈሩባት ጀልባ ምሰሶና ምሰሶውን ስለሚይዙት ሽቦዎች ነው። ይህን ርዕስ የመረጥንበት ምክንያት በንግግራችን መጨረሻ ከጠቅላላ ጉባኤው የምንጠይቀው ነገር ስላለ ነው። ጉባኤው በሚገባ አውቆ እንዲወስን እንፈልጋለን።

ካልጋሪና ጀልባ ምን አገናኛቸው?

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ጥያቄ «ለመሆኑ ባሕር በሌለበት ከተማ ባለሸራ ጀልባ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። እርግጥ ከዚህ እስከ ቫንኩቨር ወደብ ድረስ በመኪና ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይሁን እንጂ ውኃውም ነፋሱም እዚሁ አሉን። በከተማችን ውስጥ የኤልቦ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረው የግሌንሞር ሐይቅ አለ፤ ግድቡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። የምንጠጣው ውኃ ስለሆነ መዋኘት የተከለከለ ቢሆንም በሸራ መጓዝ ይፈቀዳል። ከልጆቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኙት ከተማው በዚያ ሐይቅ ላይ በሚያካሂደው የጀልባ ትምህርት ቤት ነው። ወደ ምሥራቅ ስንሄድ የካልጋሪ ያት ክለብ የሚገኝበት የቼስተርሚር ሐይቅ አለ። ወደ ምዕራብ ደግሞ ከኮክሬን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1929 በተሠራው ግድብ ምክንያት በቦው ወንዝ ላይ የተፈጠረው የጎስት ሐይቅ ይገኛል። ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ሐይቅ ስለሆነ፣ በበጋ ለሸራ ጀልባ፣ በክረምት ደግሞ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ባለሸራ ጀልባዎች የታወቀ ሥፍራ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ቢሆን ጀልባ ባዕድ አይደለም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ያውቃል። ምፅዋ የኖረ ሰው ሳንቡክን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1955 በተቋቋመው ባሕር ኃይላችን ውስጥ ያገለገሉ ወገኖቻችንም በየአገሩ ተበትነው ይገኛሉ። ይሁንና ታንኳ ምሰሶ የለውም። ሳንቡክም ቢሆን አጠር ካለ ወፍራም ምሰሶ ላይ ሰያፍ ግንድ ሰቅሎ ሸራውን ይዘረጋል እንጂ እንደ ዛሬዎቹ ጀልባዎች በብረት ሽቦ የተወጠረ ረጅምና ቀጭን ምሰሶ አልነበረውም። ስለዚህ ይህ ሥራ ለአብዛኞቻችን አዲስ ነው።

የእኛ ጀልባ ለውድድርም ለሽርሽርም ከሚሠሩት ወገን ናት። ይህም ማለት ውስጧ ሁለት ሦስት ሰው የሚያስተኛ ሲሆን፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ከሌሎች ጋር ለመወዳደር የምትበቃ ፈጣን ናት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በኦንታሪዮ የተመሠረተው ሲ ኤንድ ሲ የተባለው ኩባንያ በዚህ ዓይነት ጀልባ ካናዳን በዓለም አሳውቋል። የዚህ ዓይነት ጀልባ ጠባይ ከምሰሶው ይጀምራል። ምሰሶው በሚገባ ካልተቃኘ በውድድር ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በሽርሽር ደግሞ መሪ የያዘውን ሰው ክንድ ታደክማለች። ከሁሉ የከፋው ግን ምሰሶው የወደቀ እንደሆነ ነው።

ምሰሶው በምን ይቆማል?

ድንኳን ተክሎ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። የእድር ድንኳን ሲተከል ምሰሶው በራሱ አይቆምም፤ የሚያቆመው በዙሪያው የተወጠረው ገመድና ካስማ ነው። አንዱ ወገን ከጠበቀና ሌላው ከላላ ድንኳኑ ይዘማል። የጀልባ ምሰሶም እንዲሁ ነው። አንድ ሽቦ ከምሰሶው ጫፍ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ፣ አንድ ሽቦ ወደ ኋላ ይወርዳል። በግራና በቀኝ ከጫፉ የሚወርዱት ረጃጅሞቹ የጎን ሽቦዎች ናቸው። ከምሰሶው ወገብ የሚነሡ አጫጭር የጎን ሽቦዎችም አሉ። ከመካከል ወደ ጎን የተዘረጉት ሁለት ክንዶች ረጃጅሞቹን ሽቦዎች ከምሰሶው ገፋ አድርገው ይይዛሉ።

ይሁን እንጂ ከድንኳኑ ጋር አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የድንኳን ገመድ ከምሰሶው ርቆ ይተከላል። ጀልባ ግን ጠባብ ስለሆነች ሽቦው ከምሰሶው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ነፋሱ የምሰሶውን ጫፍ በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ቢገፋ፣ ያንን ለመመከት ሽቦው ከ240 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይሳባል። ይህ ሁሉ ኃይል ምሰሶውን ወደ ታች፣ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይጫነዋል። እንግዲህ ከዳር ሆኖ ሲታይ ጸጥ ብሎ የቆመው ምሰሶ ምን ያህል ሸክም እንደ ተሸከመ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሽቦው ራሱ ከ19 ቀጫጭን የማይዝግ ብረት ክሮች የተገመደ ነው። አንዱ መካከል ላይ ነው፤ ስድስቱ ይከቡታል፤ አሥራ ሁለቱ ደግሞ እነዚያን ይከባሉ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ዓይነት ሽቦ የሚበጠሰው ወደ 2 ቶን ሲጠጋ ነው። ከክሮቹ አንዱ ሲበጠስ ግን የእርሱ ሸክም በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ የአንዱን ክር መበጠስ ያመጣው ምክንያት ሌሎቹንም ጎድቷቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ክር የተበጠሰበት ሽቦ እንደ ደህና ሽቦ አይቆጠርም።

ከማቆም በፊት የሚደረግ ምርመራ

በባሕር ዳር ከተሞች ምሰሶ አንድ ጊዜ ከቆመ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እኛ ግን በየበልጉ እናቆመዋለን፤ ሐይቁ ከመርጋቱ በፊት ደግሞ እናወርደዋለን። ይህ ሥራ ቢያበዛብንም ጥቅም አለው፤ ምሰሶው መሬት ላይ ሳለ እያንዳንዱን ነገር በቅርብ ለማየት ያስችላል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ትንሽ ጥጥ በእጅ ይዞ ሽቦውን ከላይ እስከ ታች መጥረግ ነው። የተበጠሰ ክር ካለ ጥጡን ይይዘዋል፤ በባዶ እጅ ከሆነ ግን ጣትን ይቀዳል። ቀጥሎ ሽቦው ከጫፍ ማያዣው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ውኃ የሚጠራቀመውና ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከማያዣው ሥር ወደ ታች የወረደ የዝገት መስመር ከታየ ውስጡ መታመሙን ያመለክታል። የማጥበቂያ ብሎኖቹን ጥርስ ማጽዳትና በቀጭኑ ግራሶ መቀባትም ተገቢ ነው። የማይዝግ ብረት በደረቁ ሲሽከረከር ይነካከስና ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ በቁልፍም አይፈታም።

ምሰሶውን በምናቆምበት ጊዜ ከሁሉ በፊት ቀና ብለን ወደ ላይ እንመለከታለን። የኤሌክትሪክ መስመር በአካባቢው ካለ ሥራው ሌላ ቦታ ይሠራል። የአሉሚኒየም ምሰሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በዚህ ምክንያት በጀልባ ማውረጃ ሥፍራዎች ሰዎች ሞተዋል። ምሰሶው በሚነሣበትም ጊዜ ከሥሩ ማንም ሰው አይቆምም። ይህን ደንብ ወጣቶቹ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላቸው እንዲያውቁት አድርገናል።

በቆመችበት መቃኘት

ክራር የሚመታ ሰው አንዷን አውታር አጥብቆ ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ ሁለተኛዋን ሲያጠብቅ የመጀመሪያዋ ትለወጥበታለች፤ እንደገናም ይመለሳል። የምሰሶ ቅኝትም በዚህ ዓይነት ጥቂት በጥቂት እየተመላለሱ የሚሠራ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ምሰሶው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያላዘነበለ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ዋናው ሸራ የሚሰቀልበትን ገመድ ወደ አንደኛው ጎን አውርደን የጎን ሽቦው እስከ ታሰረበት ድረስ እንለካለን። ገመዱን ሳንለቅ ወደ ሌላው ጎን ወስደን እናስተያያለን። ሁለቱ ልኮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ አንዱን እያላላን ሌላውን እናጠብቃለን። በዓይን ብቻ መገመት አይበቃም፤ ጀልባዋ ራሷ ዘመም ብላ ቆማ ሊሆን ይችላልና።

ለ) ምሰሶው ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚጋደል እንለካለን። ለዚህ የሚያገለግለው ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱንቢ ነው። በዚያው በሸራው ገመድ ጫፍ ላይ ክብደት አንጠልጥለን ከምሰሶው ሥር ምን ያህል እንደ ራቀ እናያለን። ጀልባዋ ውኃ ላይ ሆና ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ነፋስ ቱንቢውን እንዳያወዛውዘው ክብደቱን በውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ማስገባት ይጠቅማል።

ሐ) ረጃጅሞቹን የጎን ሽቦዎች እናጠብቃለን። በግራ አንድ ዙር ከሆነ በቀኝም አንድ ዙር ነው፤ የዙሩንም ብዛት በደብተር እንጽፋለን። ስንት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ አለ። ሽቦው በእጅ ብቻ ጠብቆ ሳለ የሁለት ሜትር መለኪያ አንዱን ጫፍ በናስትሮ ከሽቦው ጋር እናስራለን፤ የሌላውን ጫፍ ቦታ ምልክት እናደርግበታለን። ማጥበቅ ስንጀምር ሽቦው ስለሚሳብ ምልክቱ ከመለኪያው ጫፍ ይርቃል። በዚህ ዓይነት ሽቦ 1 ሚሊ ሜትር ርቀት ማለት ሽቦው ከሚበጠስበት ኃይል 5 በመቶ ማለት ነው። ሽቦው ቀጭንም ሆነ ወፍራም ልኩ ያው ነው፤ ወፍራሙ ሽቦ ለመሳብ የሚያስቸግረውን ያህል ለመበጠስም ያስቸግራልና። የጀልባው ሠሪ ሌላ ልክ ካልሰጠ 3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 15 በመቶ፣ ጥሩ መነሻ ነው። በእኛ ሽቦ ይህ ወደ 300 ኪሎ ይሆናል። ከ20 በመቶ ብዙ ማለፍ የጀልባዋን አካል ይጎዳል።

መ) በመጨረሻ አጫጭሮቹን የጎን ሽቦዎች እናጠብቃለን። አንድ ሰው ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ የሸራውን ሐዲድ ወደ ላይ እያየ ወገቡ ወዴት እንደ ጎበጠ ይናገራል። ወደ ጎን ምንም መጉበጥ የለበትም። ከፊትና ከኋላ ሲታይ ግን መካከሉ ትንሽ ወደ ፊት ቢጎብጥ መልካም ነው።

በውኃ ላይ መቃኘት

የቆመች ጀልባ ቅኝት ግማሽ ሥራ ነው። እውነተኛው ፈተና መካከለኛ ነፋስ ባለበት ቀን በውኃ ላይ ነው። ሸራዎቹን አጥብቀን ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ የተቻለንን ያህል ተጠግተን እንጓዛለን። ጀልባዋ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ስታዘነብል ነፋሱ ከሚመታው ጎን ተቃራኒ ያለውን ረጅም ሽቦ በእጃችን እንነካለን። ሽቦው መላላት ሊጀምር ሲል ከሆነ ልኩ ደህና ነው። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን አልጠበቀም፤ ምሰሶው በእያንዳንዱ ማዕበል ይናጣል።

ቀጥሎ ምሰሶውን ከሥር ወደ ላይ እንመለከታለን። ጫፉ ወደ ተቃራኒው ጎን ከተጋደለ ረጃጅሞቹ ላልተዋል። ጫፉ ደህና ሆኖ ወገቡ ወደዚያ ከሸሸ አጫጭሮቹ ላልተዋል። ለማስተካከል የምንነካው ሁልጊዜ የላላውን ጎን ሽቦ ነው፤ ሸክም ያለበትን ሽቦ ብሎን ማዞር አይገባም። አንድ ጊዜ ካስተካከልን በኋላ ጀልባዋን አዙረን ነፋሱን በሌላው ጎን እንቀበላለን፤ በዚያም በኩል ያንኑ ያህል ዙር እናዞራለን።

መሪውም የሚነግረን ነገር አለ። መሪውን ለቀቅ ስናደርግ ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ነፋሱ ብትዞር ጥሩ ጠባይ ነው። የያዘው ሰው ቢወድቅ እንኳ ዞራ ትቆማለችና። በኃይል የምትዞርና ክንድ የምታደክም ከሆነ ምሰሶው ወደ ኋላ በዝቶ ተጋድሏል ማለት ስለሆነ የፊቱን ሽቦ አሳጥረን የኋላውን እናስረዝማለን። ከነፋሱ የምትሸሽ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን እናደርጋለን። ምክንያቱ የሸራዎቹ ጉልበት የሚያርፍበት ነጥብ ወደ ኋላ ሲሄድ የጀልባዋን ጭራ ወደ ታች ነፋስ ስለሚገፋና አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ስለሚዞር ነው።

የኋላው ሽቦ ከሌሎቹ የሚለየው በጉዞ ላይም የሚለዋወጥ በመሆኑ ነው። ነፋስ ሲበረታ ሲጠብቅ የፊቱ ሽቦ ቀጥ ይላል፤ ምሰሶው ይጎብጣል፤ ሸራዎቹ ይለጠጣሉ፤ ጀልባዋም ትቃናለች። ነፋስ ሲደክም ሲላላ ሸራዎቹ ሆድ አውጥተው ጉልበት ያገኛሉ። ከጉዞ ስንመለስ ማላላት ልማድ መሆን አለበት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ማጥበቂያ በመቆለፊያ ሽቦ ይቆለፋል፤ ሹሉ ጫፍ ሸራና እግር እንዳይቀድ በናስትሮ ይሸፈናል። ያልተቆለፈ ብሎን በንዝረት ብቻ ተፈትቶ ምሰሶ ሊጥል ይችላል።

የካልጋሪ አየር የሚጨምረው ነገር

ከአምራቾች የሚመጡት የቅኝት ሠንጠረዦች አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ዳር ለሚኖሩ የተዘጋጁ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ፍጥነቱ አንድ ዓይነት የሆነ ነፋስ እዚህ የሚገፋው በዚያው ልክ አንሶ ነው። ጣና ላይ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ፣ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋ ነበር። ነገር ግን ይህ ሊያዘናጋን አይገባም። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ሳያስጠነቅቅ በድንገት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦ የሚበጥሰውም እንዲህ ያለው ድንገተኛ ምት ነው።

ስለ ሙቀትም የሚጠይቁን አሉ። አሉሚኒየም ከብረት ሽቦ ይልቅ በሙቀት ይረዝማል። በቀዝቃዛ የግንቦት ጧት የተቃኘ 10 ሜትር ምሰሶ በሐምሌ ቀትር የሙቀቱ ልዩነት 30 ዲግሪ ቢደርስ ከሽቦው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ በልጦ ይረዝማል። ይህ የሽቦውን መጥበቅ የሚጨምረው ከሚበጠስበት ኃይል በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። የሚያሳስበው የውኃው ቅዝቃዜ ነው። የጎስት ሐይቅ ውኃ ከተራራ በረዶና ግግር የሚመጣ ስለሆነ በበጋ እንኳ ይቀዘቅዛል። ምሰሶ ወድቆ ልጅ ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሶ እንኳ፣ እጁ ገመድ ለመጨበጥ ኃይል የሚያጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከጉባኤው የምንጠይቀው

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው መኸር ምሰሶውን ካወረድን በኋላ በጥጥ ስንመረምር ከግራው አጭር ሽቦ ላይ አንድ የተበጠሰ ክር አግኝተናል። በሁለት የጫፍ ማያዣዎች ላይም የዝገት መስመር ታይቷል። ሽቦዎቹ ከጀልባዋ ጋር የመጡ ስለሆኑ ዕድሜያቸው ከማኅበራችን ይበልጣል። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለ ሽቦ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥ ይመክራሉ። ጣፋጭ ውኃ እንደ ጨው ባሕር ሽቦ ባይበላም ዘለዓለም አያኖርም።

አንዳንድ ወገኖቻችን «የተበጠሰችውን አንዷን ብቻ ለውጡና ቀሪው ገንዘብ ለአዳራሹ ወንበር ይዋል» ብለውናል። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ የማኅበሩ ገንዘብ የሁላችን ላብ ነው። ሆኖም ሽቦዎቹ በአንድ ቀን የተገጠሙ፣ አንድ ዓይነት ሸክም የተሸከሙና አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። አንዷ ከደከመች እኅቶቿም ደክመዋል። አዲስ ሽቦ ከአሮጌ ጋር ቢታሰርም መሰበር የሚመጣው በአሮጌው በኩል ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን የሚከተለው ነው። ዘጠኙም ነገር ቢጎድል ይህ አይጉደል፤ ሽቦዎቹና ማጥበቂያዎቻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጡ። የወጪው ግምት በጽሑፍ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ቀርቧል። የመግጠሙንና የመቃኘቱን ሥራ እኛ ያለ ክፍያ እንሠራለን፤ ወጣቶቹም አብረውን እየሠሩ ይማራሉ። ወላጆችም መጥታችሁ ሽቦውን በእጃችሁ እንድትነኩ፣ መለኪያውንም በዓይናችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን። ለውጡ እስኪፈጸም ድረስ ግን ጀልባዋ ውኃ እንደማትነካ፣ ጉባኤው ምንም ይወስን ምን፣ ከወዲሁ ልናስታውቅ እንወዳለን። የሰው ልጅ አደራ ተቀብለን በተበጠሰ ክር አናንጠለጥልም።

ልጆቻችን በዚህች ጀልባ ላይ ነፋስ ማንበብን፣ መታዘዝንና ማዘዝን፣ እንዲሁም «ቀኝ ሳብ፣ ግራ ልቀቅ» በአማርኛ መባባልን ተምረዋል። በቤት በእንግሊዝኛ የሚመልሱልን ልጆች ውኃው ላይ በአማርኛ ሲጠራሩ የሰማችሁ ወላጆች ምስክሮች ናችሁ። ይህ በመጪውም በጋ እንዲቀጥል የእናንተ ድምፅ ያስፈልገናል።